ሁለት ወንድማማቾች፣ አንድ ቢጫ ካርድ

እትዬ ለሕክምና ህንድ መሄድ ነበረባቸው። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው፤ ፒያሳ ገና ሳይፈርስ። ቤታቸው እሪ በከንቱ ነው፤ እኔም የዚያው ሰፈር ልጅ ነኝ። ገንዘቡ ከዘመድ ከወዳጅ ተዋጥቷል። የሆስፒታሉ ደብዳቤ መጥቷል። የቀረው አስታማሚ ነው። የተመረጠው ታናሽ ወንድማቸው ነበር። እንግሊዝኛ ይችላል፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ ያውቃል፣ በሕመም ምክንያት ቀደም ብሎ ጡረታ ስለወጣም ጊዜ አለው። ዕድሜው ሃምሳዎቹን ቢያጋምስም ቤተሰቡ ዛሬም ማሙሽ ነው የሚለው። እኛ ደግሞ ጋሽ ማሙሽ እንለዋለን። ሰፈርተኛው በዚህ መሳቅ ካቆመ ቆይቷል።

ጉዳዩን እንድጽፈው ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል። የማንንም ስም፣ የየትኛውንም ክሊኒክ ስም አልጠራም።

ህንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ እዚያ ሞልታለች፤ ቫይረሱ ግን የለም። እንዲገባባቸው አይፈልጉም። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ጋሽ ማሙሽ ቀደም ብሎ መሃል ከተማ ካሉት የመንገደኞች ክትባት መስጫዎች ወደ አንዱ ሄደ።

አልከተቡትም።

ነርሷ ቅጹን ይዛ ጥያቄ በጥያቄ ወረደች። የእንቁላል አለርጂ? የለም። ኤች አይ ቪ? የለም። የካንሰር ሕክምና? የለም። ቲመስ የሚባለው ዕጢ ላይ ችግር ኖሮብዎት ያውቃል? እዚህ ላይ ጋሽ ማሙሽ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ አድርጎ ደረቱ መሃል ቁልቁል የወረደውን ጠባሳ አሳያት። ከዓመታት በፊት የዓይኑ ሽፋን እየወደቀበት፣ ሥጋ ማላመጥ እያቃተው ተመርምሮ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል በሽታ ተገኝቶበት ነበር። ያኔ ቲመሱ ላይ ያደገ ዕባጭ በቀዶ ጥገና ወጥቶለታል። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ለእርስዎ ይሄ ክትባት አይሰጥም" አለችው።

ቤት ውስጥ ቁጣ ሆነ። "ደረቱ ከተቀደደ ስንት ዘመኑ! ከክንድ መርፌ ጋር ምን አገናኘው?" አሉ እትዬ። ጉቦ ፈልገው ነው ያለም ነበር። በዚህ ከተማ የማይገባን ክልከላ ሁሉ ወይ ቢሮክራሲ ነው ወይ ጉቦ። ነርሷ ግን ያን ቀን የሠራችው ሥራ ምናልባት ሕይወት ያተረፈ ሥራ ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በጋሽ ማሙሽ ፈንታ ታላቅየው ተተኩ። ጋሼ 63 ዓመታቸው ነው። ስኳር የለባቸው፣ ደም ግፊት የለባቸው፤ በየማለዳው ጊዮርጊስ ተሳልመው በእግራቸው የሚመለሱ ሰው ናቸው። እሳቸውንም ቢሆን ነርሷ ዝም ብላ አልወጋቻቸውም። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በመሆኑ መጀመሪያ ሐኪም አነጋገረች። ከዚያ ወጋቻቸው፣ ካርዱንም ማህተም መታችበት።

በ5ኛው ቀን ማታ ጋሼን ትኩሳት ያዛቸው። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ወገባቸው ይቆረጣጠማል፣ ብርድ ብርድ ይላቸዋል። እትዬ አንድ ጊዜ ግንባራቸውን ዳሰሱና "ምች ነው" አሉ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተጠጣ፣ ቅጠሉም ታሸ። ሌሊቱን አላባቸው፤ ሲነጋ ግን ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። በ6ኛው ቀን ልጃቸው አቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ወሰደቻቸው። ደም ተሰጠ፣ ጥቂት ተጠበቀ፣ ውጤት መጣ።

"ታይፎይድና ታይፈስ።"

አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ ይህን ሳይባል የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚመጡት፣ ልክ መንትያ ይመስል። ለጋሼ ሴፍትሪያክሶን የሚባል የፀረ ባክቴሪያ መርፌ ታዘዘ፤ የመጀመሪያውም እዚያው ተወጋ። ነጭ የደም ሴላቸው ትንሽ ዝቅ ማለቱ ለክሊኒኩ ተጨማሪ ማረጋገጫ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ምን መድኃኒት፣ ምን ክትባት ወሰዱ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ጋሼም ክትባት የሚያሳምም ነገር አድርገው ስላላሰቡት አልተናገሩም።

ሐኪሙ የፈራው ሌላ ነገር ነበር

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አራት ኪሎ ባዮሎጂ ተምሬ ሃይስኩል አስተምራለሁ። የጋሼ ልጅ ግን የክሊኒኩን ወረቀት ይዛ እኔ ጋ መጣች፤ እኔም የውስጥ ደዌ ሐኪም ለሆነ ወዳጄ ደወልኩ። ስለ ታይፎይዱ ስነግረው እየሳቀ ነበር። ከክትባቱ 6ኛ ቀናቸው ነው ስለው ሳቁ ቆመ። "ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል? ሽንታቸው ጠቁሯል? ያስመልሳቸዋል? ድዳቸው ይደማል?" የለም፣ የለም፣ የለም። "ለማንኛውም አሁኑኑ አምጣቸው" አለኝ።

ፍርሃቱን ለመረዳት ክትባቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት የሞተ ቫይረስ አይደለም። ሕይወት ያለው፣ ግን የተዳከመ ቫይረስ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1927 አሲቢ ከሚባል ጋናዊ ታማሚ ደም የተወሰደ ቫይረስ ነው። ማክስ ታይለር የተባለ ተመራማሪ ይህን ቫይረስ በአይጥና በጫጩት ፅንስ ህብረ ሕዋስ ደጋግሞ እያሳደገ አዳከመው። በ1937 17ዲ የተባለው ዝርያ ለክትባት ዋለ፤ ታይለርም በ1951 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዛሬም ክንዳችን ላይ የሚወጋው የዚያው የ17ዲ ዘር ነው። እስካሁን ከ600 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ተሰጥቷል። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት አንዱ ዶዝ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ብሎ የካርዱን የ10 ዓመት ገደብ አንስቷል። ከክትባቶች ሁሉ ምርጦቹ ከሚባሉት አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በተከተበ ሰው ውስጥ ይህ ቫይረስ ለጥቂት ቀናት በመጠኑ ይባዛል፣ ከዚያ ይጠፋል። ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ሰዎች በእነዚያ ቀናት ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ይሰማቸዋል። ከስንት አንድ ሰው ላይ ግን ቫይረሱ አይቆምም። ጉበት ውስጥ ገብቶ ይባዛል፣ ኩላሊት ይደክማል፣ ደም ይፈሳል። ክትባቱ የተከላከለውን በሽታ ራሱን ይሆናል ማለት ነው። ይህ ከ100,000 ዶዝ ውስጥ አንድ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው፤ ከ60 ዓመት በላይ ግን ከፍ ይላል። ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። ለሐኪሙ የታየው ይሄ ነው። 63 ዓመት፣ 6ኛ ቀን፣ ትኩሳት።

ደም እንደገና ተቀዳ። የጉበት ኢንዛይም ደህና፣ ቢሊሩቢን ደህና፣ ኩላሊት ደህና፣ ፕላትሌት ደህና። ወባ የለም። ሲ አር ፒ የሚባለው የብግነት ምልክት ትንሽ ብቻ ከፍ ብሏል፤ ከባድ የባክቴሪያ በሽታ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የደም ካልቸር፣ ማለትም ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ አብቅሎ የሚያሳይ ምርመራ፣ ተላከ። "መርፌውን እናቁመው፣ ፓራሲታሞል ይውሰዱ፣ ነገ እንደገና ደም እናያለን" ተባለ። በማግስቱም ጉበቱ ንክች አላለም። በ8ኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ካልቸሩም ምንም አላበቀለም።

ጋሼ ግን ተቀይመዋል። "አገራችን የሌለ በሽታ መድኃኒት ወግተው አሳመሙኝ" ይላሉ። የሌለ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመታው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ አስከፊው ነው። ወደ 100,000 ሰው ታሞ 30,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ትንኟ በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ውሃ ትራባ ነበር። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ዞን ታይቷል። ይህን ስነግራቸው "እኔ ጉራጌ ዞን አልሄድኩ፣ ህንድ ነው የምሄደው" አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ትኩሳቱን ያመጣው ማነው?

ቫይረሱ ነው ማለት ይቀላል። ግን በቀጥታ እሱ አይደለም። ትኩሳቱን የሠራው የጋሼ የራሳቸው ሰውነት ነው፤ የሠራውም ሕዋስ ከሕዋስ ጋር በሚነጋገርባቸው ፕሮቲኖች ነው።

የቢጫ ወባ ቫይረስ የዘር መመሪያው አር ኤን ኤ ነው። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ይህን አር ኤን ኤ ማባዛት ይጀምራል። ሕዋሳችን ውስጥ ሪግ-አይ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራው እንግዳ አር ኤን ኤ ሲያይ መያዝ ነው። የራሳችን አር ኤን ኤ ጫፉ ላይ ምልክት አለው፤ የቫይረሱ ሲባዛ ያን ምልክት ያላገኘ ይገኝበታል፤ ጥንድ ሆኖም ይታያል። ሪግ-አይ እንዲህ ያለውን ሲይዝ ቅርጹ ይለወጥና ማይቶኮንድሪያ ላይ ከተተከለ ማቭስ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ማቭስ ሌሎችን ያስነሳል። መጨረሻ ላይ አይ አር ኤፍ 3 የሚባለው ፎስፌት ተለጥፎበት ወደ ኒውክለስ ይገባል፤ የኢንተርፌሮንን ዘረ-መልም ያስነሳል። ከዚያ ኢንተርፌሮን ተሠርቶ ከሕዋሱ ወደ ውጭ ይወጣል።

ኢንተርፌሮን የሕዋስ እሪታ ነው። ሌባ የገባበት ቤት ሲጮህ የሚተርፈው ያ ቤት ላይሆን ይችላል፤ ቀሪው መንደር ግን በሩን ይቀረቅራል። የተጠቃው ሕዋስም ብዙ ጊዜ ራሱን አያድንም። የሚያድነው ጎረቤቱን ነው።

ይህን መጀመሪያ ያዩት አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ለንደን ውስጥ። በሙቀት የሞተ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከጫጩት እንቁላል ሽፋን ጋር አቆዩ። ከዚያ ፈሳሹን ወስደው ሌላ ሽፋን ላይ አደረጉት። ሁለተኛው ሽፋን ሕያው ቫይረስ ሲሰጠው አልተያዘም። ቫይረሱን ሳይሆን ከሕዋሱ የወጣ አንድ ነገር ነበር ያስተላለፉት።

ጎረቤት ሕዋስ እንዴት ይሰማል? ላዩ ላይ ሁለት ክፍል ያለው ተቀባይ ፕሮቲን አለ። አይ ኤፍ ናር 1 እና አይ ኤፍ ናር 2 ይባላሉ። ዓይነት አንድ የሚባሉት ኢንተርፌሮኖች በሰው ውስጥ 17 ናቸው። የሚገርመው 17ቱም የሚገቡት በዚሁ በአንዱ ተቀባይ በኩል ነው። ኢንተርፌሮን ሲቀመጥበት ሁለቱ ክፍሎች ይቀራረባሉ። ከሥራቸው ያሉት ጃክ 1 እና ታይክ 2 የሚባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነሱም ስታት 1 እና ስታት 2 ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ስታቶቹ ተጣምረው፣ አይ አር ኤፍ 9ን ጨምረው ኒውክለስ ይገባሉ። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘረ-መሎች ይነሳሉ። አንዱ ሕዋሱ ፕሮቲን መሥራት እንዲያቆም ያደርጋል፤ ቫይረስ ያለ ፕሮቲን አይባዛም። ሌላው አር ኤን ኤ የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያስነሳል። ኤም ኤክስ ኤ የሚባለው ደግሞ በተለይ እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያሉትን መንገድ ላይ ያስቀራል።

ቫይረሱም ዝም ብሎ አያይም። የቢጫ ወባ ቫይረስ ኤን ኤስ 5 የሚባል ፕሮቲኑን ስታት 2 ላይ ይለጥፈዋል። የሚለጥፈው ደግሞ ኢንተርፌሮን ሕዋሱን ከነካ በኋላ ነው። እሪታው መሰማቱን ጠብቆ የሰሚውን እግር ይይዛል ማለት ነው። እኔ ተማሪዎቼን ይሄን ሳስተምር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ጉዳዩ ሽቅድምድም ነው። በጤነኛ ሰው ላይ 17ዲ ይሸነፋል፤ ኢንተርፌሮኑ ጊዜ ይገዛል፣ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ደግሞ ብዙው ሰው ቫይረሱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ካርዱ 10 ቀን የሚጠብቀው ለዚሁ ነው።

ወደ ትኩሳቱ እንመለስ። ኢንተርፌሮን፣ ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና መሰሎቻቸው ደም ውስጥ ሲበዙ አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት ተቆጣጣሪ ክፍል ፕሮስታግላንዲን ኢ 2 የሚባል ኬሚካል ይመረትበታል። መደበኛው ሙቀት ከፍ ተደርጎ ይተመናል። ጋሼ ብርድ ልብስ ተደራርቦላቸው የተንቀጠቀጡት ሰውነታቸው አዲሱ ትመና ላይ ለመድረስ ሲሞቅ ነው። ፓራሲታሞል የሚነካው ፕሮስታግላንዲኑን ነው፤ ቫይረሱን አይነካም።

ኢንተርፌሮን ብቻውን ሰው እንደሚያሳምም በምን ይታወቃል? በመድኃኒትነት ስለተሰጠ። ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ታማሚዎች ኢንተርፌሮን በመርፌ ሲሰጥ ቆይቷል። ሄፓታይተስ ሲ አሁን በሚዋጥ መድኃኒት ስለሚድን ቀርቷል እንጂ፣ ያኔ የወሰዱት ሰዎች መርፌውን በተወጉ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት ይይዛቸው ነበር። ጉንፋን የያዛቸው ይመስላሉ፤ የጉንፋን ቫይረስ ግን የለባቸውም።

ነጭ የደም ሴሉስ? ኢንተርፌሮን ሲበዛ ሊምፎሳይቶች ከደም ወጥተው ወደ ንፍፊት ይገባሉ። ስለዚህ ቆጠራው ለጥቂት ቀን ይወርዳል። ከዚህ ክትባት በኋላ የታወቀ ነገር ነው። አጋጣሚ ሆኖ በእውነተኛ ታይፎይድም ነጭ የደም ሴል ሊወርድ ይችላል። ክሊኒኩ ያየው ቁጥር ትክክል ነበር፤ ትርጓሜው ነው የሳተው።

ዋይዳልን፣ ማለትም የታይፎይዱን የደም ምርመራ፣ በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ምርመራው እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል-ፊሊክስ ደግሞ ከ1916። ሁለቱም ጀርሙን አይፈልጉም፤ ፀረ እንግዳ አካልን ነው የሚፈልጉት። ድሮ ታይፎይድ የያዘው፣ ወይም ዘመዱ የሆነ ሌላ ባክቴሪያ ያገኘው ሰው አንድ ጊዜ ደሙ ቢታይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ 63 ዓመት የኖረ ሰው ፖዘቲቭ ባይሆን ነው የሚገርመው። ክሊኒኮቹን ብቻ መውቀስ ግን አልችልም። ካልቸር ቀናት ይፈልጋል፣ ውድ ነው፣ ሕመምተኛው ደግሞ መርፌ ሳይወጋ ከወጣ "ምንም አላገኙልኝም" ብሎ ሌላ ክሊኒክ ይገባል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ኤም ኤክስ ኤ እና ሲ አር ፒን አንድ ላይ የሚለካ ፈጣን ምርመራ በዓለም ላይ አለ። ኤም ኤክስ ኤ ከፍ ካለ ቫይረስ፣ ሲ አር ፒ ብቻ ከፍ ካለ ባክቴሪያ ወደሚለው ያደላል። እንዲህ ያለ ነገር በየሰፈሩ ክሊኒክ ቢገባ ስንት ሴፍትሪያክሶን ይተርፍ ነበር።

ጋሽ ማሙሽ ለምን ተከለከለ?

ለእኔ የጉዳዩ ፍሬ እዚህ ነው። ቤተሰቡ የጋሽ ማሙሽን ክልከላና የጋሼን ትኩሳት ሁለት የተለያዩ ጣጣዎች አድርጎ ነው የቆጠራቸው። የአንድ ፕሮቲን ጉዳይ ናቸው።

ቲመስ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለ ዕጢ ነው። ቲ ሴሎች የሚሰለጥኑት እዚያ ነው። የራስን አካል የሚያጠቃ ቲ ሴል እዚያው ይወገዳል። ቲሞማ የሚባለው ዕባጭ ሲያድግበት ግን ይህ ማጣራት ይበላሻል። መወገድ የነበረባቸው ያመልጣሉ፤ በእነሱ አጋዥነት ሰውነት በራሱ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ይሠራል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን ተቀባይ የሚያጠቃው ዓይነት የጋሽ ማሙሽን የዓይን ሽፋን ጣለው። ይህ የሚታየው ነው። የማይታይ ሌላም አለ። ቲሞማ ካለባቸው የማያስቴኒያ ታማሚዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኢንተርፌሮንን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካልም አላቸው።

ይህ ፀረ እንግዳ አካል ኢንተርፌሮኑን ተቀባዩ ላይ ሳይደርስ ይይዘዋል። ሕዋሱ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ግን ከንቱ ይቀራል። ሰውየው ለዓመታት ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ሌሎቹ መከላከያዎቹ አሉና። ዕባጩ መውጣቱም ነገሩን አይዘጋውም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ሕይወት ያለው ቫይረስ በመርፌ ማስገባት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት።

ደንቡ ከምክንያቱ ቀድሞ መጣ። በክትባቱ ምክንያት ጉበታቸው የተጎዳ 23 ሰዎች ታሪክ ሲገላበጥ 4ቱ የቲመስ በሽታ የነበረባቸው ሆነው ተገኙ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘገበ። የቲመስ በሽታ ብርቅ ነገር ነው፤ ከ23 ውስጥ 4 በአጋጣሚ አይመጣም። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ አልታወቀም ነበር። ጥያቄው ብቻ ቅጹ ላይ ገባ። የክትባት መስጫዋ ነርስ ያነበበችው መስመር ከዚያ የመጣ ነው።

መልሱን ያፈጠነው ኮቪድ ነው። ሚሊኒየም አዳራሽ የሕክምና ማዕከል በሆነበት ዘመን ሁላችንም አንድ ጥያቄ ነበረን፤ ያ ጠንካራ ሰው እንዴት በሳምንት ሄደ? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት በጠና ከታመሙ 987 ሰዎች ውስጥ 101ዱ ኢንተርፌሮንን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው ውስጥ እንደነበራቸው አሳየ። ከ101ዱ 95ቱ ወንዶች ናቸው። ቀለል ብሎ ያለፋቸው 663 ሰዎች ደም ውስጥ አንድም አልተገኘም። ፀረ እንግዳ አካሉን ኮቪድ አላመጣውም፤ ቀድሞ ነበረ። ከዕድሜ ጋር፣ በተለይ ከ70 ዓመት በኋላ፣ እየበዛ እንደሚሄድም ታወቀ።

ያው የተመራማሪዎች ቡድን በ2021 ወደ ቢጫ ወባ ክትባት ዞረ። ቀድሞ ጤነኛ ሆነው በክትባቱ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም የደረሰባቸውን 7 ሰዎች መረመረ። ቀደም ብሎ የተዘገበ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ እሱ የአይ ኤፍ ናር 1 ተቀባይ በዘር የለውም። ከ7ቱ ደግሞ አንዱ የ13 ዓመት ልጅ አይ ኤፍ ናር 2 የለውም። በ47፣ በ57 እና በ64 ዓመታቸው የተከተቡ ሦስት ሰዎች ደግሞ ኢንተርፌሮኖቹን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሞልቷቸዋል። ከ8ቱ 5ቱ፣ በሁለት የተለያየ መንገድ፣ አንዱን እሪታ ያጡ ናቸው። ልጆቹ ሰሚ የላቸውም፤ ትልልቆቹ ድምፁ ታፍኖባቸዋል።

የ64 ዓመቱን ታሪክ ሳነብ ጋሼን አስታወስኩ። የዕድሜ እኩያ ናቸው። የጋሼ ትኩሳት ኢንተርፌሮናቸው መሥራቱን ያረጋግጣል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሐኪሙ ወዳጄ ከለከለኝ። ልክ ነው። ተቀባይ የሌለው ሰውም በኢንተርሉኪኖቹ ይተኩሳል። የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው። የጋሼ ትኩሳት በ8ኛው ቀን በረደ፣ ጉበታቸውም አልተነካም። ስለዚህ በክትባት ማግስት ሰሞን የሚመጣን ትኩሳት "የክትባት ነው" ብሎ መተውም ያው ስህተት ነው። ትክክለኛው እርምጃ ሐኪሙ ያደረገው ነው፤ ጉበትን ማየት፣ በማግስቱ ደግሞ ማየት።

እትዬና ጋሼ በካርዱ ህንድ ሄደው ተመለሱ። ለጋሽ ማሙሽ ሐኪሙ መዝገቡ ላይ በቀይ ጻፈለት፤ ሕይወት ያለው ቫይረስ ያለበት ክትባት ያለ ስፔሻሊስት ምክር እንዳይሰጠው፣ የሞተ ቫይረስ ያላቸው ግን እንደማይከለከሉ። ለጉዞም የሚሆን የሐኪም ደብዳቤ ጻፈለት። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ክትባቱ በጤና ምክንያት የማይሰጠው ሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዞ እንዲጓዝ ይፈቅዳል። ግን ተቀባዩ አገር ደብዳቤውን አይቶ ለይቶ ማቆየት መብቱ ነው፤ ህንድ ካርድ የሌለውን እስከ 6 ቀን ታቆያለች። ጋሽ ማሙሽ "6 ቀን ምን አላት፣ እተኛለሁ" ብሎ ነበር። እትዬ እሺ አላሉም። ለሁለተኛው ቀጠሮ አብራቸው የሄደችው የጋሼ ልጅ ናት። እሷም እዚያው ቦታ ተከተበች፤ ክንዷ ትንሽ ከማመሙ በቀር ምንም አልሆነችም። ከተከተቡት አብዛኞቹ እንደሷ ናቸው። ጋሼ ግን አላመኑም፤ "ለኔ የወጉኝ ሌላ ነው" ይላሉ።